የሚከፈልበትን ዲሽ ትተን በኢንተርኔት እንይ ወይ? እናቴስ?

የመንቆረሯ (ደብረ ማርቆስ) · ጥቅምት 24፣ 2018

እንዴት ሰነበታችሁ የጎጃም ልጆች። ነገሬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ቤት ውስጥ ሦስት ነን፤ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ። ጣራችን ላይ ሁለት ዲሽ አለ። አንዱ ነፃው ኢትዮሳት ነው። ሌላው በየወሩ የሚከፈልበት ሲሆን ያስገባነው ወንድሜ ኳስ ስለሚወድ ነው። ባለፈው ክረምት የወሩን ከፍለን ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ስናይ ቆየን። ስንደውል «ዝናቡ ነው፣ ጠብቁ» አሉን። ያላየንባቸው ቀናት ግን ከሂሳቡ አልተቀነሱልንም። እኔ በነርስነት የምኖር ሰው ነኝ፤ ያ ገንዘብ ቆጭቶኛል።

መስከረም ላይ ሰፈራችን ፋይበር ገባና እኛም አስገባን። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ «የሚከፈልበትን እንተወው፣ ሁሉም ነገር በአፕ ይታያል» እያለ ነው። ሐሳቡ ይገባኛል። የሚያሳስበኝ እናቴ ናት። ጉልበቷ ከታመመ ጀምሮ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ማስቀደስ አልቻለችም። ጠዋት ተነሥታ ነጠላዋን ለብሳ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ፊት ቆማ፣ ሲደክማት ተቀምጣ ነው የምትከታተለው። ማታ ዜና ታያለች። ከሪሞቱ የምታውቀው ሦስት ቁልፍ ብቻ ነው። እኔ አዳሪ ተረኛ ሆኜ ኔት ቢጠፋ፣ ወይም አፑ «አዘምኑኝ» ብሎ ቢቆም ምን ታደርጋለች?

ከእናንተ ውስጥ በእርግጥ ትቶ የኖረበት አለ? ወሬ ሳይሆን ያያችሁትን ንገሩኝ።

ዲሽ ሠሪው (ፍኖተ ሰላም) · ጥቅምት 24

እህቴ፣ ሥራዬ ዲሽ መትከል ነው፤ ስለዚህ የዲሽ ጠበቃ ብትይኝ አልቀየምም። ግን አንድ ነገር አትቀላቅዪ። የሚከፈልበትን መተው ሌላ፣ ዲሽ ማውረድ ሌላ። ኢትዮሳት ኤንኤስኤስ 12 በሚባለው ሳተላይት ላይ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው ያለው፤ ዲሹና ሪሲቨሩ አንዴ ከተገዛ ወርሃዊ የለውም። አሚኮ፣ ኢቢሲ፣ ፋና፣ የቤተ ክርስቲያን ቻናሎችም እዚያው ናቸው። እናትሽ የሚያዩት ሁሉ ማለት ይቻላል ነፃው ላይ አለ። ወንድምሽ የሚለው ሁለተኛውን ስለ ማቆም ከሆነ እናትሽ የሚያጡት ነገር የለም።

ስለ ክረምቱ ደግሞ የነገሩሽ ልክ አይደለም። ዝናብ ሲግናል የሚያጠፋው ከባዱ ደመና እስኪያልፍ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ሁለት ሳምንት ከጠፋ ወይ ነፋስ ዲሹን ገፍቶታል፣ ወይ ኤልኤንቢው (ከሳህኑ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ ወይ የኬብሉ ጫፍ ዝጓል። ሰው ልከው ማየት ነበረባቸው። በዚህ ክረምት ብቻ እንዲህ የጠፉ ስንት ቤቶች አይቻለሁ፤ አብዛኛው ችግር የኬብል ጫፍ ነበር። ጫፉን በጎማ ቴፕ በደንብ መጠቅለል ነው መፍትሔው።

ጮቄ ሥር (ረቡዕ ገበያ አካባቢ) · ጥቅምት 25

የመንቆረሯ፣ አንቺ ፋይበር ስላለሽ ጥያቄው ይነሣልሻል። እኛ ጋ መደበኛ መስመር የለም። ስልኬ ፎርጂ የሚይዘው ከቤቴ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ስወጣ ነው፤ ቤት ስገባ ተራራው ይጋርደዋል።

ሌላም ማንሣት የምፈልገው ነገር አለ። በ2015 ማለቂያ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ሲጠፋ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። ያን ጊዜ ቤታችን ዜና የገባው በሬዲዮና በዲሽ ብቻ ነበር። ልጄ አዲስ አበባ ነበረች፤ ፎቶዋን እንኳ ማየት አልቻልኩም። ቴሌቪዥኑን በአፕ ብቻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ድምፅ አልባ ይሆን ነበር። ስለዚህ አፕ አትጠቀሙ አልልም፤ ዲሽ አውርዱ የሚለውን ግን ስሰማ ልቤ ይደነግጣል።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር) · ጥቅምት 25

ጮቄ ሥር ያልከውን ሁላችንም ኖረንበታል። ባሕር ዳር መደበኛ መስመር ያለው ቢሮ ፊት ለፊት ሰው ተኮልኩሎ ቆሞ ኢሜይል ሲልክ አይቻለሁ።

የምሠራው ኔትወርክ ላይ ስለሆነ ስለ ቁጥሩ ልናገር። ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው። የመስመር ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ የሚበላው ዳታ ግን የሚቆጠረው በባይት ነው፤ 8 ቢት አንድ ባይት ነው። በሰከንድ 3 ሜጋቢት የሚፈስ ምስል በሰዓት 1.35 ጊጋባይት ይበላል። በቀን 4 ሰዓት ካያችሁ በወር 162 ጊጋ መሆኑ ነው። ይህን በሞባይል ጥቅል ልግዛ የሚል ሰው ከዲሹ ክፍያ በላይ ይከፍላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱን አፕ ልጫን» ሳይሆን «መስመሬ ያልተገደበ ነው ወይስ በጊጋ ነው» የሚለው ነው። ያልተገደበ የቤት መስመር ከሌላችሁ ቴሌቪዥን በኢንተርኔት ለዘወትር አይሆንም፤ አልፎ አልፎ ግን ይሆናል።

የመንቆረሯ ያልተገደበ ከሆነልሽ ቀጥዪ። ኔትፍሊክስ ራሱ የሚያሳውቀው በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋ፣ በኤችዲ እስከ 3፣ በ4ኬ እስከ 7 ነው። ቅዳሴና መዝሙር ግን የምስሉን ጥራት 480 ላይ አድርገሽ በግማሽ ጊጋ ገደማ በሰዓት ጥርት ብሎ ይታያል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሚያንስ። ዩቲዩብን እንደ ነፃነቱ ከተውሽው ትልቅ ስክሪን ሲያይ ጥራቱን ራሱ ከፍ ያደርጋል። መስመሩ ሲደክም ያቺ ክብ የምትዞረው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ ዝቅ አድርገሽ ተዪው።

ሞደሙን የት እንደምታስቀምጪም አስቢ። ሰው ሳሎን ጥግ መጋረጃ ሥር ይከተዋል። በሞደሙና በቴሌቪዥኑ መካከል የቆርቆሮ ግድግዳ ካለ ሲግናሉን ይመልሰዋል፤ የጭቃ ግድግዳ ያን ያህል አያስቸግርም። ሁለት የዋይፋይ ስም ካሳየሽ 5 ጊጋኸርዝ የሚለው ፈጣን ግን አጭር ነው፣ 2.4 የሚለው ግድግዳ ያልፋል። ከሁሉም የሚሻለው የኔትወርክ ገመድ ዘርግቶ በቀጥታ መሰካት ነው። አሥር ሜትር ገመድ ስንት ንትርክ ያስቀራል!

ቡሬ ላይ · ጥቅምት 26

ካፌ አለኝ፣ ኳስ አሳያለሁ። ለወንድምሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በእኛ የአፍሪካ ክፍል የማሳየት መብቱ የሱፐርስፖርት ነው፤ ሱፐርስፖርት ደግሞ የዲኤስቲቪ ነው። የአገራችን ሊግም በ2013 የውድድር ዘመን ለአምስት ዓመት በእነሱ ስክሪን ገብቶ ነበር። ዲኤስቲቪ አፕ አለው፤ ግን የሚከፍተው ለከፈለ ደንበኛ ነው። «ኳስ በነፃ በአፕ» የሚሉ ሰዎች የሚያሳዩት የተሰረቀ ምስል ነው፤ ጨዋታው ሞቅ ሲል ይቆረጣል።

አንድ ቅዳሜ በኢንተርኔት ሞከርኩ። ምስሉ ከዲሹ ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ማዶ ያለው ቤት «ጎል!» ብሎ ሲጮህ እኛ ጋ ኳሱ ገና መሀል ሜዳ ነው። ደንበኞቼ ሒሳብ ከፍለው ወደ ማዶ ተሻገሩ። እኔ ዲሹን አልለቅም። ለአንድ ቤት ከሆነ ግን፣ ወንድምሽ ትልቁን ጨዋታ ካፌ ሄዶ ቢያይ በወር የሚከፍለው ከዲሹ ያንሳል ብዬ እገምታለሁ። እኔ ባለ ካፌ ስለሆንኩ አይደለም የምለው፤ ስንቱን ጨዋታ በእርግጥ እንደሚያይ ቁጠሩት።

የደጀን ልጅ (ቨርጂኒያ) · ጥቅምት 26

ከሩቅ ነኝ፤ ያየሁትን ላካፍል። እዚህ ሰው ለዓመታት ሲከፍል የኖረው ለኬብል ነበር፤ በመሬት ውስጥ በሚመጣ ሽቦ። እኛ አገር ያ ነገር የለም፤ ከዲሽ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት መዝለላችን ነው። እዚህ ሰዉ ኬብሉን ቆርጦ ወደ አፕ የሄደው ርካሽ ስለሆነ ነው። ዩቲዩብ ቲቪ የሚባለው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲጀምር በወር 35 ዶላር ነበር። በ2025 መጀመሪያ 82.99 ደረሰ። ርካሽ የነበረው ነገር በስምንት ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የሚከፈልበት አፕ ከገባሽ የዓመት አትክፈዪ። በየወሩ ክፈዪ፣ የማታዪው ሲሆን አቋርጪ። ከዲሽ የሚበልጥበት ዋናው ጥቅም ይህ ነው፤ ሰው ጣራ ላይ ሳይወጣ ታቆሚዋለሽ፣ ታስጀምሪዋለሽ።

የአገር ቤት ቻናሎችን እዚህ የምናየው በዩቲዩብ ነው። ኢቢኤስ ራሱ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት መነሻው እዚሁ ጎረቤት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። እናቴ ደጀን ሆና በዲሽ፣ እኔ እዚህ ሆኜ በስልክ አንድ ዓይነት ፕሮግራም እናያለን፤ ከዚያ ደውላ «አየኸው?» ትለኛለች። ለእኔ ከኳሱም ከፊልሙም ያ ይበልጣል።

የመንቆረሯ · ጥቅምት 27

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ዲሽ ሠሪው፣ ነገሩን ለያይተህ ስላስቀመጥህልኝ ልቤ አረፈ። ወንድሜ ግን አሁን ሌላ አመጣ። ቴሌቪዥናችን ስማርት አይደለም፣ ስለዚህ «ቦክስ» እንግዛ ይላል። አንድ ሱቅ ውስጥ ሺህ ቻናል ያለው፣ ለዓመት የተከፈለበት የሚባል ቦክስ አይቷል። ምን ትላላችሁ?

ዳንግላ · ጥቅምት 27

አትግዢ! እኔ ገዝቻለሁ። ለዓመት ብለው በቴሌብር ተቀበሉኝ። ሁለት ወር ሠራ፣ ከዚያ ቻናሎቹ ተራ በተራ ጠቆሩ። የሸጠኝ ሰው ስልኩን አያነሣም። ከዚያ በኋላ ቦክሱ ራሱ እኔ ያልነካሁትን ማስታወቂያ መክፈት ጀመረ፤ ኔቴም ያለ ምክንያት ዘገየ። ልጆቼ ፊት የማይገባ ምስል ሲመጣ ነቅዬ ጣልኩት።

ጣና ዳር · ጥቅምት 28

ዳንግላ የነገረን ተራ ብልሽት ላይሆን ይችላል። በ2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤፍቢአይ «ባድቦክስ 2.0» ስለሚባል ነገር ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ወይም መጀመሪያ ሲከፈቱ ተንኮለኛ ፕሮግራም ይገባባቸዋል፤ ከዚያ የቤታችሁን መስመር ሌላ ሰው ለወንጀል ይጠቀምበታል። ጉግልም በዚያው ዓመት ክስ መሥርቷል፤ የተጠቁት መሣሪያዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ገልጿል። ኔቱ የዘገየበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

እንዴት ትለያላችሁ? «ፕሌይ ስቶር» የሌለው፣ ወይም አፕ ለመጫን «ፕሌይ ፕሮቴክትን (ተንኮለኛ አፕ የሚከላከለውን የጉግል ጥበቃ) አጥፋ» የሚላችሁ፣ «ሁሉም ቻናል በነፃ» ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ ተዉት። ጉግል ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቲቪ ተብሎ የተፈቀደለት መሣሪያ ዋጋው ይወደዳል፤ ግን ዩቲዩብም ኔትፍሊክስም በትክክል ይሠሩበታል።

ቴሌቪዥናችሁ ከኋላው ኤችዲኤምአይ መሰኪያ አለው? ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ብቻ ከሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ያስፈልጋል። ምስሉ ግን ያን ያህል አይጠራም።

ማርቆሴ · ጥቅምት 28

እኔ የምጠይቀው አጭር ነው። ኔትፍሊክስ በብር መክፈል ይቻላል? አጎቴ ውጭ አገር አለው፣ የሱን ልጠቀም?

የደጀን ልጅ · ጥቅምት 28

ኔትፍሊክስ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ130 አገሮች የተከፈተው በጥር 2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ክፍያው ግን የውጭ ምንዛሪ የሚያንቀሳቅስ ካርድ ይፈልጋል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አንድ አካውንት ለአንድ ቤት ብቻ ነው ተብሏል። የአጎትህን ከማርቆስ ስትከፍተው ይጠይቅሃል፤ ተጨማሪ ሰው በክፍያ ማስገባት ቢኖርም እሱ ባለበት አገር ላለ ሰው ብቻ ነው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ መተመን ከጀመረ በኋላ ደግሞ በዶላር የሚከፈል ሁሉ እኛ ጋ በጥቂት ሳምንት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ከ100 ሲያልፍ ሁላችንም አይተናል። ወንድሜ፣ ደመወዙ በብር ለሆነ ሰው እኔ አልመክርም።

መምህር ጡረታ (ብቸና) · ጥቅምት 30

ልጆቼ፣ የሁላችሁንም አነበብኩ። የመንቆረሯ፣ ልጄ፣ ለእናትሽ ያለሽን ሐሳብ አይቼ ነው የምጽፈው።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ እኔ መጀመሪያ ያየሁት ግን በደርግ ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ መቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ አንዱን ስክሪን ያይ ነበር። ማን ቻናል ይቀይራል? ቻናሉ አንድ ነው። የእኛ ዕድሜ ሰው ቴሌቪዥን ማለት ቁልፍ ሲጫን የሚመጣ ነገር ነው ብሎ ነው ያደገው። አሁን ቁልፍ ሲጫን ሥዕሎች ይደረደሩና «ምረጥ» ይላል። ባለቤቴ ልጃችን ያመጣውን ቦክስ መጀመሪያ ስታይ አለቀሰች። አስቸግሯት አልነበረም። «የእኔ ቴሌቪዥን የት ሄደ?» ነበር ያለችው።

ከዚያ የተማርኩትን ልንገርሽ። ያላቸውን አትንኪባቸው። የዲሹ ሪሲቨር ባለበት ይሁን፣ ሪሞቱም ያው ይሁን። አዲሱን ጨምሪ እንጂ አትተኪ። የአዲሱን ሪሞት በቀለም ቴፕ ጠቅልዪው፤ የእኛ ቀይ ነው። ባለቤቴ «ቀዩ የኢንተርኔቱ፣ ጥቁሩ የእኔ» ትላለች። ለመጀመሪያው ወር ቀዩን አልነካችም። በሁለተኛው ወር የልጅ ልጃችን ያለፈ ሳምንት ስብከት ሲያወጣላት አየች። አሁን ራሷ ትከፍታለች። በአንድ ቀን ለማስተማር አትሞክሪ፤ አብረሽ ተቀምጠሽ እዪ።

ማታ ተረኛ ስትሆኚ ደግሞ ቴሌቪዥኑን በዲሹ ላይ አድርገሽው ውጪ።

የመንቆረሯ · ጥቅምት 30

መምህር፣ እርስዎ የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላት። «ሰውየው ያውቃል» አለች። እግዜር ይስጥልኝ።

የመንቆረሯ · ኅዳር 25፣ 2018

የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ።

የሚከፈልበትን አቋረጥነው። ወንድሜ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። ቡሬ ላይ እንዳልከው ቁጭ ብለን ስንቱን ጨዋታ እንደሚያይ ቆጠርን፤ በወር አምስት ሆነ። አሁን ለአምስቱ ካፌ ይሄዳል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲያይ የበለጠ ደስ ብሎታል።

የተፈቀደለትን ቦክስ ገዛን፣ ሺህ ቻናል የሚለውን ሳይሆን። ገመድ ዘርግተን ሰካነው፤ ሞደሙ ጓዳ ነበር፣ መካከሉ ቆርቆሮ ነው። ዩቲዩብን 480 ላይ አደረግሁት። በ24 ቀን ውስጥ ሦስታችን የበላነው 96 ጊጋ ነው፤ ይህም የወንድሜን የማታ ፊልሞች ጨምሮ።

መብራት በዚህ ወር ስድስት ጊዜ ጠፍቷል። ለሞደሙ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ) ገዛን፤ ቴሌቪዥኑ ቢጠፋም ስልክ ላይ ይቀጥላል። መብራት ሲጠፋ ዲሹም እኩል ነው የሚጠፋው፤ ይህን ቀድሜ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ቀን ደግሞ መብራት እያለ ኔቱ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ጠፋ። እኔ ሆስፒታል ነበርኩ። ደንግጬ ስደውል እናቴ በጥቁሩ ሪሞት ኢትዮሳትን ከፍታ ዜና እያየች ነው። ኔት መጥፋቱንም አላወቀችም።

ሪሞቱን በአረንጓዴ ቴፕ ጠቀለልኩት። ለሦስት ሳምንት አልነካችውም። ባለፈው እሑድ ግን ቅዳሴው መካከል እንግዳ መጣባትና ስብከቱ አመለጣት። ማታ ላይ «ያንን መልሶ ማምጣት ይቻላል ያልሽኝ በአረንጓዴው ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። ከመጀመሪያው አንሥታ ሰማችው። «አንተ ቆይ» እያለች ሰባኪውን ሁለት ጊዜ አቆመችው፤ ቡና ልታፈላ። በቀጥታ ስርጭት ላይ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚቻል ስታውቅ ያየሁባትን ፊት ጻፊ ብባል አልችልም።

አሁን የቀረኝ ጣራው ላይ ያለው የሚከፈልበት ዲሽ ነው። ዲሽ ሠሪው፣ ይጣል ወይስ ይጠቅማል?

ዲሽ ሠሪው · ኅዳር 25

አይጣልም! ሳህኑ ካልተጣመመና ካልዛገ ለኢትዮሳት ይሆናል። ኤልኤንቢው ግን ሌላ ያስፈልገዋል፤ ያን እኔ ጋ አለኝ።

ጮቄ ሥር · ኅዳር 26

የመንቆረሯ፣ ካላፈርኩ ልጠይቅ። ከእኛ በላይ ያሉ አንዲት አሮጊት አሉ፣ ሬዲዮ ብቻ ነው ያላቸው። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ልኮላቸዋል፣ ዲሽ ግን የላቸውም። ዋጋውን እከፍላለሁ።

የመንቆረሯ · ኅዳር 26

ዋጋ የሚባል ነገር አታንሣ። ወንድሜ ነገ ያወርደዋል። ቅዳሜ ወደ ረቡዕ ገበያ በሚወጣው መኪና ላይ እንጭነዋለን፤ ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ዲሽ ሠሪው · ኅዳር 26

ኤልኤንቢውን ማርቆስ ስመጣ አደርሳለሁ። ጮቄ ሥር፣ ስትተክለው ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ትንሽ አዙረው፤ ከፍታው 65 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሰማዩን ወደ ላይ ነው የሚያየው፣ ተራራው አይጋርድህም። ሲግናሉ ካስቸገረህ ደውልልኝ፣ በስልክ አብረን እናስተካክለዋለን።